ሆድ ውስጥ ያለው ልጅ በደንብ እንዲያድግ፦ ለድሬዳዋና ለሐረር ነፍሰ ጡሮች

ድሬ ውስጥ ነፍሰ ጡር መካሪ አታጣም። ጎረቤት ይመክራል፣ አማት ትመክራለች፣ ቀፊራ ገበያ አትክልት የምትሸጠው እናት እንኳ ሚዛኗን ይዛ ትመክራለች። አብዛኛው ምክር ከፍቅር የሚመጣ ነው። አንዱ ግን ብዙ ልጅ ይጎዳል፦ «ብዙ አትብዪ፤ ልጁ ከገዘፈ ምጥ ይጠናብሻል» የሚለው።

ይህን ምክር የሰማሽ ሁሉ እባክሽ አስተውዪ። እናት ምግብ ስትቀንስ መጀመሪያ የሚከሳው የልጁ ገላ ነው። ሥጋውና ስቡ ይቀንሳል። ጭንቅላቱ ግን ያን ያህል አያንስም፤ ሰውነቱ ያለችውን ምግብ ለአንጎል ያዳላልና። በዳሌሽ ማለፍ ያለበት ትልቁ ነገር ደግሞ ጭንቅላቱ ነው። ስለዚህ በረሃብ ምጥ አይቀልም። የሚሆነው ሌላ ነው። ማህፀን በጨበጠ ቁጥር ወደ ልጁ የሚሄደው ኦክስጅን ለአፍታ ይቀንሳል። በደንብ ያደገ ልጅ በገላው ያጠራቀመው ስንቅ ስላለው ይችለዋል። የከሳው ይደክማል። ከተወለደም በኋላ ቶሎ ይበርደዋል፣ ስኳሩ ይወርዳል፣ ጡት ለመሳብ አቅም ያንሰዋል።

«ልጅ በዕድሉ ያድጋል» ይባላል። ከተወለደ በኋላ ይሁን። ማህፀን ውስጥ ግን የሚያድገው በእናቱ ደም በኩል በሚደርሰው ነገር ነው። ስለዚህ ከመጀመሪያው እንጀምር።

1. ቀኑን ያዢ

የልጁ እድገት የሚለካው ከሳምንቱ ጋር ተነጻጽሮ ነው። ሳምንቱ ካልታወቀ «ትንሽ ነው» ወይም «ልክ ነው» ማለት አይቻልም። የመጨረሻው የወር አበባሽ የጀመረበትን ቀን ስልክሽ ላይ መዝግቢ። የቆመበትን ሳይሆን የጀመረበትን።

የመውለጃ ቀኑን በእኛው አቆጣጠር ማስላት ቀላል ነው። ከዚያ ቀን ላይ 9 ወር ከ10 ቀን ጨምሪ። የወር አበባሽ መስከረም 1 ከጀመረ ቀንሽ ሰኔ 11 ነው። በመሀል ጳጉሜ ካለች ግን 9 ወር ከ5 ቀን ብቻ ጨምሪ፤ ጳጉሜ 6 በምትሆንበት ዓመት 9 ወር ከ4 ቀን። ጥር 10 ከጀመረ፣ ጳጉሜ 5 ስትሆን፣ ጥቅምት 15 ይመጣል። ይህ የወር አበባዋ በየ28 ቀኑ ገደማ ለሚመጣ ሴት ነው። ለተዛባባት፣ ወይም ቀኑን ለማታስታውስ፣ ቶሎ አልትራሳውንድ መነሳት ይሻላል። አልትራሳውንድ ሳምንቱን በደንብ የሚናገረው በመጀመሪያዎቹ ወራት ነው። ሆድ ከገፋ በኋላ በሳምንታት ሊሳሳት ይችላል።

2. ክትትል ከ12ኛው ሳምንት በፊት ጀምሪ

«ሆዴ ሳይታይ ምን ልሠራ እሄዳለሁ?» የምትል ብዙ ናት። ሆድ ሳይታይ ነው ብዙ ነገር የሚስተካከለው። ጤና ጣቢያ የሚደረግ የእርግዝና ክትትልና ወሊድ በመንግሥት ተቋማት ነፃ ነው። አሁን የሚመከረው ቢያንስ 8 ጊዜ መታየት ነው፦ አንዱ እስከ 12ኛው ሳምንት፣ ከዚያ በ20፣ በ26፣ በ30፣ በ34፣ በ36፣ በ38 እና በ40። አልትራሳውንድ ቢያንስ አንድ ጊዜ፣ ከ24ኛው ሳምንት በፊት።

በመጀመሪያው ቀን ደም ይወሰዳል። የደም ዓይነት፣ የደም መጠን፣ ኤችአይቪ፣ ቂጥኝ፣ የጉበት ቫይረስ ይታያል። ሽንትም ይመረመራል። ቂጥኝ ምንም ሳይሰማሽ ልጁን ሊያቀጭጭና ሊገድል ይችላል፤ በመርፌ ግን ይድናል። የሽንት ኢንፌክሽንም እንዲሁ ሳያቃጥል ተደብቆ ይቆያል። ግፊት ወይም ስኳር ካለብሽ፣ ወይም ከዚህ በፊት ከ2.5 ኪሎ በታች የሆነ ልጅ ከወለድሽ፣ እስክትጠየቂ አትጠብቂ፤ ራስሽ ተናገሪ። የቴታነስ ክትባትሽንም ጠይቂ።

ክንድሽንም ይለኩታል። ዙሪያው ከ23 ሳንቲ ሜትር በታች ከሆነ የምግብ እጥረት አለ ማለት ነው፤ የምግብ ድጋፍ ካለ ጠይቂ።

አሁን አንድ ነገር በደንብ እንድታዪ እፈልጋለሁ፦ ሜትሩን። አዋላጇ መጀመሪያ ሽንትሽን ሸንተሽ እንድትመጪ ታደርጋለች፤ የሞላ ፊኛ ልኬቱን ያዛባል። በጀርባሽ ታስተኛሽና በእጇ የማህፀኑን አናት ትፈልጋለች። ከዚያ ያ ልብስ ሰፊ የሚይዘውን ዓይነት ሜትር አንድ ጫፍ የብልት አጥንትሽ ላይ፣ ሌላውን የማህፀኑ አናት ላይ ታደርጋለች። 20ኛው ሳምንት አካባቢ አናቱ እምብርትሽ ጋ ይደርሳል። ከ24ኛው ሳምንት በኋላ የሳንቲ ሜትሩ ቁጥር ከሳምንቱ ቁጥር ጋር ይቀራረባል። በ30ኛው ሳምንት 30 ገደማ መሆን አለበት። በ2 ቢያንስ ወይም ቢበልጥ አትደንግጪ። ልዩነቱ ከ3 በላይ ከሆነ፣ ወይም ካለፈው ቀጠሮ ወዲህ ካልጨመረ፣ አልትራሳውንድ ያስፈልጋል። «ስንት ሆነ?» ብለሽ ጠይቂ። ካርድሽ ላይ መጻፉንም እዪ። የራስሽ ልጅ ቁጥር ነው፤ መጠየቅ ድፍረት አይደለም።

ኪሎም እንዲሁ። ከመፀነስሽ በፊት ውፍረትሽ መካከለኛ ከነበረ በጠቅላላው ከ11.5 እስከ 16 ኪሎ መጨመር ጤናማ ነው። ቀጭን የነበረች ከዚህ በላይ፣ ወፍራም የነበረች ከዚህ ያነሰ ትጨምራለች። ከአራተኛው ወር በኋላ በሳምንት ግማሽ ኪሎ ገደማ ማለት ነው። አንድ ወር ሙሉ ምንም ካልጨመርሽ ለአዋላጇ ንገሪ።

3. ሳህኑ

ቁጥሩን ልንገርሽ። በ28ኛው ሳምንት ልጁ 1 ኪሎ ገደማ ነው። ሲወለድ 3 ኪሎ ገደማ ይሆናል። ስለዚህ ከክብደቱ ሁለት ሦስተኛውን የሚያገኘው በመጨረሻዎቹ 3 ወራት ነው። እኛ ጋ «አሁንስ ቀንሺ» የሚባለው ደግሞ ልክ በእነዚያ ወራት ነው። እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው።

በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ምግብ ቢዘጋሽ፣ ቢያስመልስሽ፣ ልጁ ገና ትንሽ ስለሆነ አትጨነቂ። ከአልጋ ሳትነሺ ትንሽ ደረቅ ዳቦ ወይም ቆሎ ቅመሺ። ትንሽ ትንሽ፣ ቶሎ ቶሎ ብዪ። ውሃ እንኳ አልረጋ ካለሽ ግን ቤት አትቀመጪ።

ከአራተኛው ወር ጀምሮ በቀን አንድ ተጨማሪ ምግብ ያስፈልግሻል። የሁለት ሰው ምግብ አይደለም፤ አንድ ጊዜ ተጨማሪ ብቻ። ግማሽ እንጀራ ከሁለት ጭልፋ ምስር ወጥ ጋር ይበቃል። ሆዱ ሲገፋ ጨጓራሽን ስለሚጫነው በአንድ ጊዜ ብዙ አይገባልሽም፤ ቀኑን በ5 ከፋፍለሽ ብዪ።

ምን ይበላ? ውድ ነገር አልልሽም። የሐረርጌ ማሽላ እንጀራ ጥሩ ነው። ጠዋት ፉል በእንቁላል ብዪ። ምሳ ላይ ምስር ወይም ሽሮ ከጎመን ወይም ከቆስጣ ጋር። ምስሩ ላይ ሎሚ ጨምቂበት፤ በምስርና በጎመን ውስጥ ያለው አይረን ወደ ደም እንዲገባ ሎሚ ያግዛል። መክሰስ ላይ አንድ እፍኝ የባቢሌ ኦቾሎኒ ወይም ጥቂት ተምር። ከገበያ ፓፓያው የበሰለ ይሁን፤ ማንጎና ዘይቱንም አለ። ሥጋ ሲገኝ ትንሽም ቢሆን ያንቺ ድርሻ ይቀመጥ። ጉበት በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ይቅርብሽ፤ ቫይታሚን ኤው ሲበዛ ለፅንሱ አይሆንም። ጨው አዮዲን ያለው ይሁን፤ የልጁ አንጎል ይፈልገዋል። ክዳን ባለው ዕቃ አስቀምጪው፤ ወጥ ውስጥ የምትጨምሪውም ከእሳት ልታወርጂ ስትይ ነው።

ወተትን በተመለከተ፦ በጀሪካን ተጭኖ የሚመጣው የግመል ወተት እዚህ አገር ምግብም መድኃኒትም ነው። ጥሩ ምግብ ነው። ግን አፍልተሽ ጠጪ። «ሲፈላ ጣዕሙ ይጠፋል» የሚሉሽ አሉ፤ ይጥፋ። በጥሬ ወተት የሚመጣው ብሩሴሎሲስ ፅንስ ሊያስወርድ ይችላል። የላምም የፍየልም ያው ነው። ጥሬ ሥጋና ያልበሰለ ጥብስም እስክትወልጂ ይቆዩሽ።

ወተትና ሙዝ «ልጁ ራስ ላይ ይለጠፋል» ሲባል ሰምተሽ ይሆናል። ልጁ ሲወለድ ገላው ላይ የሚታየው ነጭ ነገር ቆዳውን የሚጠብቅ ራሱ የሠራው ቅባት ነው። ከምትበዪው ጋር ምንም አያገናኘውም።

አፈር፣ ሸክላ ወይም ከሰል ካማረሽ አትፍሪ፣ አትደብቂውም። ብዙ ጊዜ የደም ማነስ ምልክት ነው። የደም መጠንሽ ይታይ።

4. ክኒኑ

ጤና ጣቢያ የሚሰጡሽ ክኒን 60 ሚሊ ግራም አይረንና 400 ማይክሮ ግራም ፎሊክ አሲድ የያዘ ነው። በየቀኑ አንድ። የልጁ አከርካሪና አንጎል የሚዘጋው ከተፀነሰ በ4 ሳምንት ውስጥ ስለሆነ፣ ለማርገዝ የምታስቢ ከሆነ ፎሊክ አሲዱን አሁኑኑ ጀምሪ።

ካቅለሸለሸሽ ማታ ልትተኚ ስትይ ውሰጂው። በውሃ ወይም በሎሚ ጭማቂ ይሁን። በሻይ፣ በቡና፣ በሆጃ (ከቡና ገለባ ወይም ቅጠል በሚፈላው)፣ በወተት አይወሰድም፤ ከእነዚህ 2 ሰዓት አራርቂው። ሰገራሽ ጥቁር ይሆናል፤ ምንም አይደለም። ቡናን ሙሉ በሙሉ ተዪ አልልም፤ ግን ከምግብ ጋር አይሁን፣ በቀን ከ2 ሲኒም አይለፍ። የሆድ ትል መድኃኒት ከ3ኛው ወር በኋላ ይሰጥሻል፤ ከዚያ በፊት አትውሰጂ።

5. ጫት

ይህን ሳልጽፍ ማለፍ አልችልም። ከአወዳይ ጠዋት ተቆርጦ ከሰዓት በርጫ (የጫት መቃሚያ) ላይ የሚደርስበት አገር ነው ያለነው። ብዙ ነፍሰ ጡሮች ይቅማሉ፣ ጤና ጣቢያ ሲጠየቁ ደግሞ «የለም» ይላሉ። ስድብ ስለሚፈሩ ነው።

ስድብ የለም፤ ነገሩን ብቻ ልንገርሽ። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የደም ሥርን ያጠባል፣ ግፊትን ከፍ ያደርጋል። ወደ እንግዴ ልጁ የሚሄደውም ደም በዚያው ይቀንሳል። የምግብ ፍላጎትን ይዘጋል፤ ከሰዓት የቃመች ሴት እራት አትበላም። እንቅልፍም ይነሳል። በእርግዝና ወቅት ጫት የሚቅሙ ሴቶች ልጆች በክብደት አንሰው የመወለድ ዕድላቸው ከፍ ያለ መሆኑ በተደጋጋሚ ታይቷል።

በጣም የሚሻለው መተው ነው። በአንዴ ካልሆነልሽ ዛሬውኑ መቀነስ ጀምሪና ለአዋላጇ ሳትደብቂ ንገሪ። ቤት ውስጥ ካለ ሌላው ሰው በሚቅምበት ሰዓት ሌላ ቦታ ሁኚ። በርጫ ማለት ቅጠሉ ብቻ አይደለም፤ የተዘጋ ክፍል፣ የሲጋራና የሺሻ ጭስ፣ የከሰል ጭስ ነው። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ በደምሽ ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል። ባል ይህን የሚያነብ ከሆነ፦ ወዳጄ፣ በርጫውን ከቤት አውጣው።

አልኮል ምንም መጠን ይቅር።

6. በርሜሉን ክደኚ

ድሬዳዋ ውስጥ ለሆድ ልጅ ከሚያሰጉ ነገሮች አንዱ ግቢ ውስጥ የቆመው በርሜል ነው ብል አታምኚኝ ይሆናል። ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ ሁላችንም እናጠራቅማለን። አኖፌለስ ስቴፈንሲ የሚባለው የወባ ትንኝ ደግሞ የሚራባው በዚያ ንጹሕ ውሃ ነው። በኢትዮጵያ መጀመሪያ የታየው በ2016 እ.ኤ.አ. ሶማሌ ክልል፣ ቀብሪደሃር ውስጥ ነው። በ2014 ዓ.ም. ዝናብ በሌለበት ወቅት ድሬዳዋን የመታው የወባ ወረርሽኝም ከእሱ ጋር ተያይዟል። «ክረምት ሲመጣ ነው ወባ» የሚለው የድሮ ሐሳብ እዚህ አይሠራም።

ወባ እርጉዝ ሴት ላይ የተለየ ነገር ያደርጋል። ተህዋሱ እንግዴ ልጁ ውስጥ ይሸሸግና ምግብና ኦክስጅን የሚያልፍበትን መንገድ ይዘጋል። እናት ቀለል ያለ ትኩሳት ብቻ ሊሰማት ይችላል፤ ልጁ ግን ይቀጭጫል።

በርሜሉ ክዳን ከሌለው ንጹሕ ነጠላ ወይም ወፍራም ጨርቅ አልብሺና ከአፉ ሥር በጎማ ጥፍር አድርገሽ እሰሪው። ጣት የሚያስገባ ክፍተት እንኳ አይኑር። ቀና ብለሽ ሮቶውንም እዪ፤ ክዳኑ በንፋስ ተነስቶ ሊሆን ይችላል። በሳምንት አንድ ቀን ውሃውን አገላብጠሽ የዕቃውን ውስጥ፣ በተለይ ከውሃው ከፍ ያለውን ግድግዳ፣ በብሩሽ ፈግፍጊ። ከእንቁላል ተነስቶ ትንኝ እስኪሆን 7 ቀን ገደማ ስለሚበቃው ከሳምንት አታሳልፊ። ውሃው ላይ እየተጥመለመሉ የሚንቀሳቀሱ ደቃቅ ነገሮች ካየሽ እጭ ነው፤ ደረቅ መሬት ላይ ድፊው። አሮጌ ጎማና ቆርቆሮም ግቢ ውስጥ ውሃ አይያዝ። ዴንጊና ቺኩንጉንያ የሚያስተላልፈው የቀን ቢንቢም የሚራባው እዚያው ነው። ሁለቱም ድሬዳዋን መትተዋታል።

ማታ አጎበር ውስጥ ተኚ። አመሻሹ ላይ ደጅ ስትቀመጪ እጅና እግር የሚሸፍን ልብስ ልበሺ። ትኩሳት ከመጣ በዚያው ቀን ተመርመሪ። በቤትሽ የተረፈ ክኒን አትዋጪ።

7. ሙቀት፣ ውሃና ጾም

ግንቦትና ሰኔ ድሬ ውስጥ ላልለመደው መከራ ነው፤ ለነፍሰ ጡር ደግሞ እጥፍ። በቀን 3 ሊትር ገደማ ጠጪ፤ የሽንትሽ ቀለም ደመቅ ካለ ጨምሪ። ለስላሳ የውሃ ምትክ አይደለም። ገበያውንና ልብስ አጠባውን በጠዋት ጨርሺ። ከ6 እስከ 9 ሰዓት ጥላ ውስጥ በጎንሽ ጋደም በዪ። 20 ሊትር ጀሪካን ሌላ ሰው ይሸከመው።

ለጾም ጉዳይ፦ በእስልምና ነፍሰ ጡር ለራሷ ወይም ለልጇ ከሰጋች መፍታት ትችላለች፤ በኋላ ታወጣዋለች። ኦርቶዶክስ ከሆንሽ ነፍስ አባትሽን አማክሪ፤ ነፍሰ ጡርን አያስጨንቁም። የጾም ምግብ ልቀጥል ካልሽም ምስር፣ ሽምብራ፣ ኦቾሎኒና ሰሊጥ አይጉደሉ፤ እስከ 9 ሰዓት ባዶ ሆድ መዋል ግን አይሁን።

8. መድኃኒትና ቅጠል

ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ከፋርማሲ ገዝተሽ አትውሰጂ፤ ዶክሲሳይክሊንም እንዲሁ። ጤና አዳም ጨምቀሽ አትጠጪ፤ ማህፀንን ያነሳሳል።

9. የልጁን እንቅስቃሴ እወቂ

የመጀመሪያ ልጅሽ ከሆነ ከ18 እስከ 20ኛው ሳምንት አካባቢ ይሰማሻል፤ የወለደች ቀደም ብሎ ይሰማታል። ከ28ኛው ሳምንት በኋላ በየቀኑ የሚንቀሳቀስበትን ሰዓት ልመጂ። አንዳንዱ ማታ፣ አንዳንዱ ምግብ ስትበዪ ይነቃል። ከተጠራጠርሽ አንድ ነገር ብዪ፣ በግራ ጎንሽ ተኚና ቁጠሪ። በ2 ሰዓት ውስጥ 10 ጊዜ ካልተንቀሳቀሰ እስኪነጋ አትጠብቂ፣ ሂጂ። «ወሩ ሲገባ ቦታ ስለሚጠበው ይረጋጋል» የሚሉሽን አትስሚ። ጤነኛ ልጅ እስከ ምጥ ድረስ ይንቀሳቀሳል።

ከዚያው ሳምንት ጀምሮ ስትተኚ በጎንሽ ይሁን። በጀርባ ስትተኚ የከበደው ማህፀን ትልቁን የደም ሥር ይጫናል፣ ወደ ልጁ የሚሄደው ደም ይቀንሳል። ሌሊት ስትነቂ በጀርባሽ ተኝተሽ ከሆነ ዞር በዪ፤ በቃ።

10. ሳትቆዪ የምትሄጂበት

ደም ከታየ፣ እንሽርት ውሃ ከፈሰሰ፣ ከባድ ራስ ምታት ከመጣ፣ ዓይንሽ ብዥ ካለ፣ ፊትና እጅሽ ካበጠ፣ ሆድሽን አጥብቆ ካመመሽ፣ ትኩሳት ካለ፣ ካንቀጠቀጠሽ ወይም ራስሽን ከሳትሽ፣ የልጁ እንቅስቃሴ ከቀነሰ፣ ወዲያው። ግፊት 140/90 ከደረሰ ራስ ምታት ባይኖርም። ድሬዳዋ ከሆንሽ ድል ጮራ ወይም ሳቢያን ሆስፒታል፣ ሐረር ከሆንሽ ሕይወት ፋና ወይም ጁገል ሆስፒታል። ሌሊት የሚመጣ ባለባጃጅ ስልክ ከ7ኛው ወር ጀምሮ ይያዝ። ካርድሽ ከበሩ አጠገብ ይንጠልጠል።

ሲወለድ ልጁ ይመዘን፣ ኪሎውም ካርዱ ላይ ይጻፍ። ከ2.5 ኪሎ በታች ከሆነ ሙቀቱን ከአንቺ ገላ ያገኛል፦ ዳይፐርና ኮፍያ ብቻ አድርጎ ደረትሽ ላይ ቆዳ ለቆዳ ታቀፊው፣ በነጠላ አብረሽ ጠቅልዪው። በመጀመሪያው ሰዓት ውስጥ ጡት አስይዢው፤ ቢጫው እንገር አይፍሰስ። አብሽም ሆነ ቅቤ አያስፈልገውም። ከ2 ሰዓት በላይ ሳይጠባ ከተኛ ቀስቅሺው።